በዓይን አይለካም

ልብስ ሰፊዋ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አላት፤ የሚታወሰው ግን መታወቂያ ለማሳደስ ወረፋ ስትይዝ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ትንሹም ትልቁም «እትዬ ልኬ» ይላታል። ስሙን ያተረፈላት አንድ ዓመሏ ነው፤ ሰውየውን ፊቷ አቁማ ሳትለካ መቀስ አታነሳም። «ባለፈው ዓመት ለክተሽኝ የለ እንዴ?» ያላትን፣ «ባለፈው ዓመት የለካሁት ያኔ የነበርከውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት እራት በልተሃል» ትለዋለች። «መንትያዬን ለክተሽዋል፣ በሱ ቁረጪው» ያላትን ደግሞ፣ «እናታችሁ መንታ ወለደች እንጂ መንታ ትከሻ አልወለደች» ብላ ታስቀዋለች። ሰውየውም እየሳቀ ክንዱን ያነሳል፤ ሜትሩ በብብቱ ሥር ያልፋል።

ሱቋ ከአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ክፍል ናት። ጣሪያው ደረጃውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ስለሚያጎነብስ ረጃጅም ደንበኞች በሩ አጠገብ ይቀራሉ፣ አጫጭሮቹ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። «እኔ ዘንድ የክብር እንግዳ አጭር ሰው ነው» ትላለች። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ረጅም መስታወት፣ አንድ ካውያ፣ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው የሚያይ መስኮት። ሌሎች ሰፊዎች ዘንድ የሚታየው፣ ኮት የሚያለብሱት የእንጨት ሰው ግን የላትም።

ከሁሉ የምትሳሳለት ደብተሯን ነው። ጥቁር ልባድ ያለው ወፍራም ደብተር ነው፤ ጀርባው ሲላላ ራሷ በሸራ ሰፍታዋለች። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ አለው፤ በግራ በኩል ቁጥር፣ በቀኝ በኩል ማስታወሻ። «ቀኝ እጁ ከግራው በአንድ ጣት ይረዝማል።» «ሲለካ ሆዱን ይስባል፤ ቀልድ ጣል አድርጊና ሲስቅ ለኪው።» «የልጇ ነገር ከተነሳ ታለቅሳለች፤ ስለ ዝናብ አውሪ።» ማታ ማታ ስትጸልይ ደብተሩን ከፍታ ሁለት ሦስት ገጽ በስም ታነሳለች ይባላል። ጠይቀዋት «እሱ በእኔና በፈጣሪ መካከል ነው» ብላለች።

የእንጨት ሰው ባይኖራትም ወንድም አላት። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እሷ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲህ እህትም እናትም ሆና አሳደገችው። ቀጭን ስለሆነ ሰፈሩ «ክሩ» አለው። እሱም በስሙ አይከፋም፤ «እትዬ መርፌ ናት፣ እኔ ክር ነኝ፤ ወደ ወጋችበት እከተላለሁ» ይል ነበር።

ክሩ ታፔላ ጸሐፊ ነው። መሰላሉን በግራ ትከሻው አንጠልጥሎ፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹን በቀኝ እጁ ይዞ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ግራ ትከሻው በአንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቀረ። የመጀመሪያ ሥራው የመነጽር ቤቱ ታፔላ ነበር። «መነጽር» ብሎ ሲጽፍ «መ»ን ሁለት ክብ ብርጭቆ አድርጎ ሳላት፤ ፊደሏ ከበሩ በላይ ሆና መንገደኛውን ቁልቁል ታያለች። ሕፃናት ሳይቀሩ «መ አየችኝ!» እያሉ ከሥሯ ይሮጡ ነበር።

አሁን ስለ ወንዙ ልንገራችሁ። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ አለ፤ በላዩም አንድ ድልድይ። በዚህ በኩል ያሉት ያኞቹን «ማዶዎች» ይሏቸዋል። እነዚያም እነዚህን «ማዶዎች» ይሏቸዋል። ሁሉም ለሌላው ማዶ ነው። በደህናው ጊዜ ይህ ስም ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን ስድብ ሆነ።

ከማዶ ሰዎች አንዱ ጋጋሪው ነው፤ ዳቦ ቤት አለው፤ የእትዬ ልኬ የብዙ ዓመት ደንበኛ ነው። ከምድጃው ፊት መለየት ስለማይችል፣ በዓመት አንዴ እሷው ድልድዩን ተሻግራ ዱቄት በዱቄት ሆና ለክታው ትመጣለች። ከዚያ በኋላ ልብሱ ሲሰፋ ልኩን የምታየው በክሩ ላይ ነው። አንገት፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ ሁሉ አንድ ነው። የግራ ትከሻው ዝቅታ እንኳ ሳይቀር አንድ ነው፤ ያኛውን የዱቄት ጆንያ፣ ይኸኛውን መሰላል አዘንብሎታል። ልዩነታቸው ሆድ ብቻ ነው። ለሱም መላ አላት። በክሩ ወገብ ላይ ትንሽ ትራስ በገመድ ታስራለች። ክሩ በዚያ ትራስ ሆዱን እያሻሸ «ዛሬ ስንት ኩንታል ጋገርን?» እያለ ያስቃት ነበር። ጋጋሪውን ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ለዓመታት ሆዱን ሲሸከምለት ኖሯል፣ አላየውም።

ኋላ ዘመን መጣና ከወንዙ ማዶ አንድ ማተሚያ ቤት ተከፈተ። ታፔላ በአንድ ሰዓት ውስጥ በላስቲክ ላይ ያትማል፤ ፎቶም ያስገባል፤ ያብለጨልጫል። በዚያው ዓመት የክሩ ደንበኞች አንድ በአንድ ተሻገሩ። አንድ ቀን ጠዋት ያን የ«መነጽር» ታፔላ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ በፊቱ ተደፍቶ አገኘው። በብብቱ ይዞት መጣና ከሱቁ በር ኋላ ወደ ግድግዳው አዙሮ አስቀመጠው። እትዬ ልኬ «እሰይ፣ ለመስታወቴ ጎረቤት አመጣህለት» አለችው። አልሳቀም። እሷ የፈራችው ያኔ ነው። እጅ ሲያጥረው አይታዋለች፣ ሲያዝን አይታዋለች። ቀልድ ሲያጣ ግን አይታው አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ክሩ ከመኪና እጥበቱ ጀርባ ባለች አንዲት አዳራሽ መዋል ጀመረ። በዚያ ወጣቶች ይሰበሰባሉ፤ የሚመራቸውን «ዋናው» ይሉታል። ዋናው ንግግሩ የተጣራ፣ ልብሱ የጸዳ፣ ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይኑን የሚያይ ሰው ነው። ክሩን «ወንድማችን» አለው። «ይሄ እጅ እኮ ተራ እጅ አይደለም፣ ለትልቅ ነገር የተፈጠረ ነው» አለው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት እንዲህ ያለው ሌላ ሰው አልነበረም። እህቱ በየቀኑ ታስበው ነበር እንጂ በቃል አላለችውም፤ በዚህም ኋላ ላይ በራሷ ላይ ፈርዳለች።

ቤት ሲመጣ አነጋገሩ ተለወጠ። «ማዶዎቹ ጉሮሯችንን ዘጉት» ይላል።

«የትኞቹ?» ትለዋለች።

«ሁሉም።»

«ሁሉንም አግኝተሃቸዋል?»

«እትዬ፣ ይሄ የልብስ ነገር አይደለም።»

«እሱስ እውነት ነው። ልብስ ቢሆን ይመለስ ነበር፤ ፈትቼ አስተካክለው ነበር።»

ክርክር አታውቅም። ፖለቲካ የሚባል ነገር ስትሰማ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ትጀምራለች። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ «መ»ን መነጽር ያደረገ እጅ አንድ ቀን ድንጋይ ሊያነሳ ነው። ድንጋይ ከወረወረ በኋላ ደግሞ እጁ እጁ ሆኖ አይመለስለትም።

አንድ ረፋድ ዋናው ራሱ ወደ ሱቋ መጣ። አርባ ሸሚዝ ፈልጎ ነበር፤ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ለሚቀጥለው ወር መጨረሻ ቅዳሜ የሚደርስ። ረጅም ስለሆነ በሩ ላይ ቆመ።

«እሺ ልጄ፣» አለችው፣ «በየተራ ይምጡና ልለካቸው።»

«መለካት አያስፈልግም። አንድ መካከለኛ ልክ አውጪና በሱ ስፊው። አንድ ነን።»

«አንድ መሆን ጥሩ ነው። እኔ ግን አርባ አንገት ነው የምሰፋው። በአንድ ኮሌታ ግማሹ ይታነቃል፣ ግማሹ ይዋኝበታል።»

ከኋላው የነበረው ወጣት ሳቅ አመለጠው። ዋናው ዞር ብሎ አየውና ሳቁ ተዋጠ።

«ራስህን እንኳ ልለካህ እስኪ፣ ክንድህን አንሳ» አለችው ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እኔን በዓይንሽ ገምቺኝ።»

«በዓይን አይለካም» አለችው። በቁጣ አይደለም። ያኔ አንድ ነገር አየች፦ የግራ እጅጌው ጫፍ ተቀዶ በእጅ ተሰፍቷል፤ ራሱ የሰፋው ነው፣ የስፌቱ ክር ቀለምም ከጨርቁ ጋር አይገጥምም። ይህንን ሸሚዝ ሰፊ ቤት ይዞ ያልሄደው ለምን ይሆን? የሚሰፋለት የለው ይሆን? ብላ አሰበች። በዚያ ቀን በደብተሯ አዲስ ገጽ ከፈተችለት። በግራ በኩል ምንም አልጻፈችም። በቀኝ በኩል «አልለካሁትም» አለች። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው፤ ሰው ስለ ዋናው ክፉ ሲያነሳባት «ገጹ ባዶ ነው» ብላ ታልፋለች።

ከአርባዎቹ አሥራ አንዱ መጡ፤ ሌሎቹ ዋናው ከገበያ የገዛላቸውን ለበሱ። አሥራ አንዱን በየተራ አቆመቻቸው። ሰው ክንዱን ዘርግቶ ሲቆም ብዙ መዋሸት አይችልም። አንዱ እናቱ ታማበት እንደነበር ነገራት፤ ሌላው ሥራ ፍለጋ ስንት ቢሮ ደጅ እንደጠና። ሳቁ ያመለጠው ያ ወጣት ደግሞ፣ የጋጋሪው ዳቦ ካልሆነ የማይበላ አያት እንዳለው ሹክ አላትና «ለዋናው እንዳትነግሪብኝ» አላት። ሁሉንም ጻፈች። «ትከሻው ሰፊ፣ ልቡ ፈሪ፤ ፍርሃቱ ደግ ነው።» ስድብ አይደለም ይሄ፤ እሷ ዘንድ ምስጋና ነው።

ቅዳሜው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ክሩ ሱቋ ወለል ላይ አምስት ሜትር ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ሲጽፍ ዋለ። በዚያ ቅዳሜ አርባዎቹ ድልድዩን ሊሻገሩ ነው፤ ይህን ጨርቅ ከፊት ይዘው። ፊደሎቹ እንደ ሁልጊዜው ውብ ነበሩ። እትዬ ልኬ ካውያዋን አስቀምጣ አነበበች። «ልካቸውን እናሳያቸው!»

«ስንት ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«ልካቸው። ካሳየህ አይቀር ቁጥሩን ልየው።»

«እትዬ፣ አትቀልጂ።»

«እኔ በልክ ቀልጄ አላውቅም። ያሳደግኩህም እኮ በዚህ ነው። ለካሃቸው ወይስ በዓይንህ ነው?»

ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነከረ፣ አወጣ፣ መልሶ ነከረ።  ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ አይገባሽም» ሳይላት ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ክሩ ጨርቁን ጠቅልሎ ሊወስድ መጣ። እህቱ ጥቁር ኮት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እሱን የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

«ቁምልኝ» አለችው።

«ለማን ነው?»

«ለጋጋሪው። በሳምንቱ ሴት ልጁን ይድራል።»

ፊቱ ጠቆረ። «ዛሬ? በዛሬ ቀን ለማዶ ሰው ልቁም?»

«ለሱ አይደለም፤ ለኔ ቁም። ካንተ ሌላ ትከሻ ከየት አመጣለሁ?»

«አራት ሰዓት ላይ መሄድ አለብኝ።»

«ገና ሦስት ሰዓት ነው።»

እምቢ ሊላት ፈለገ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ «ቁምልኝ» ስትለው ቆሟል፤ እግሩ ከልቡ ቀድሞ ቆመ። ትራሱን አሰረችለት። ኮቱን አለበሰችው። ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ከጀርባው ጀመረች። ጥቂት ስፒል ከሰካች በኋላ የቀሩትን ወደ መዳፏ አወጣቻቸውና እንዲህ አለች፦

«የመጀመሪያውን ጥፋቴን ነግሬሃለሁ፣ አይደል?»

«ሺህ ጊዜ። የሙሽራውን ጨርቅ ያበላሸሽውን።»

ታሪኩን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ወጣት ለሠርጉ የሚሆን ጨርቅ ይዞ መጣ። እሷ ግን ያኔ ወንድ መንካት ታፍር ነበር። ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ ማሳለፍ አፈረችና በዓይኗ ገምታ ቆረጠችው። ኮቱ ብብቱ ላይ ተጣበቀ፣ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ። ለዓመታት ተቆጥቦ የተገዛ ጨርቅ ነበር። ልትሞት ደረሰች። ሙሽራው ኮቱን አየ፣ እሷን አየ፣ «ጨርቁ አለቀ እንጂ አንቺ አላለቅሽም» አላት። በተውሶ ኮት አገባ። ከሠርጉም በኋላ ሌላ ጨርቅ ይዞ ወደሷው ተመልሶ መጣ፤ «አሁን ግን ለኪኝ» አላት።

«ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ» አለችና ወደ ፊቱ ዞረች። «ያ ሙሽራ ማን እንደሆነ።»

ክሩ ቁልቁል አያት። ከዚያ ኮቱን አየ። ከዚያ ትራሱን።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ያን ቀን ቢሰድበኝ፣ ‹ድሮም እናንተ ማዶዎች› ቢለኝ ኖሮ፣ መቀስ ጥዬ እወጣ ነበር። ያን ጊዜ አንተን በምን አሳድግህ ነበር? እኔ እንጃ። ተመስገን ብዬ ነው የኖርኩት።»

 ስፒሎቹን ወደ ከንፈሯ መለሰችና ግራ ትከሻው ላይ ጎንበስ አለች። ከውጪ አውቶቡስ ቆመ፣ ሄደ። ክሩ መስታወቱ ውስጥ ራሱን ያያል፦ ጥቁር ኮት፣ ትልቅ ሆድ፣ ዝቅ ያለ ትከሻ፣ ቀጭን አንገት። የሰው ሆድ ያለው ክር።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ዋናው ነበር፤ ከኋላው ሁለት ወጣቶች፣ አንደኛው ያ ሳቁን መያዝ የማይችለው።

«ወንድማችን፣ ሰዓቱ ደር...» አለና ቆመ። ከላይ እስከ ታች አየው። ያ ወጣት ትራሱን ሲያይ አፉን በመዳፉ ያዘ፤ ሳቁ በአፍንጫው ወጣ። ዋናው አልሳቀም።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሆድ ነው» አለ ክሩ።

ከብዙ ወር በኋላ የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

«የማን ነው ኮቱ?»

ክሩ ወደ እህቱ ዞረ። የእትዬ ልኬ አፍ ግን ስፒል ሞልቶታል፤ ቢያርዷት አንድ ቃል አይወጣትም። ዓይኗን ብቻ አነሳች። ዛሬ የሚመልስለት የለም።

«የጋጋሪው ነው» አለ። «የማዶው ጋጋሪ። ልጁን ሊድር ነው።»

«እና አንተ የነሱን ልብስ ተሸክመህ የቆምከው ለምንድን ነው?»

«ልኩ ስለሆንኩ።»

ይህን ያለው ነገር ለማሳመር አልነበረም፤ እውነቱ ያ ስለሆነ ነው። 

«አውልቀውና ና» አለ ዋናው።

ያኔ እትዬ ልኬ ከንፈሯ ላይ የቀሩትን ስፒሎች መዳፏ ላይ አወጣች። ከዚያም ከኮቱ ላይ አንድ ስፒል ነቀለች። ሁለተኛ ነቀለች። 

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየፈታሁህ ነው፣ ወንድም ዓለም። በሷ ስፒል ተይዤ ቀረሁ እንዳትል።»

ሦስተኛ። አራተኛ። ጀርባው ላላ። አምስተኛውን ልትነቅል ስትል እጇን ያዘው። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ይህ እጅ በላዩ ላይ ሲለካ ኖሯል፤ እንዲህ ሲፈራ ግን ተሰምቶት አያውቅም።

«እጅጌው እኮ አልታየም» አላት።

«ጨርቁንስ?» አለ ዋናው፤ ድምፁ ተለወጠ።

«ጨርቁ አይወጣም። ስህተት አለበት።»

«አንብቤዋለሁ፤ ምን ስህተት አለው?»

 «‹ልካቸው› ብያለሁ። አልለካኋቸውም። አንድ ሰው ነው የማውቀው፤ እሱም ካንገት በላይ ሳይሆን ከትከሻ በታች። የሱ ልክ ደግሞ የኔው ነው።»

«ዛሬ ያልመጣ ከዛሬ ወዲያ ወንድማችን አይደለም።»

ይኸኛው ወጋው፤ ከስፒሉ ይልቅ ወጋው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ዋናው ሊዞር ሲል እትዬ ልኬ ጠራችው።

«ልጄ፣ የእጅጌህ ቁልፍ ሊወድቅ ነው። ግባና ላጥብቅልህ፤ ደቂቃ አይፈጅም።»

ዋናው እጅጌውን አየ። አንድ አፍታ፣ አንዲት አፍታ ብቻ፣ ሊገባ ይመስል ነበር። ከዚያ ቁልፉን በጣቱ በጠሰውና ኪሱ ከቶ ሄደ። ሳቂታው ወጣት ግን ትንሽ ዘገየ።

«እትዬ ልኬ» አለ በቀስታ፣ «የኔ ሱሪ ለሰኞ ይደርሳል?»

«ቆመህ ከጠበቅከኝ ዛሬም ይደርሳል።»

ወደ ውጪ አየ። ወደ ውስጥ አየ። አጭር ስለነበር እስከ ጥጉ ዘልቆ ተቀመጠ።

ሰልፉ ያለ ጨርቁ ተሻገረ። እንደ ታሰበው ባይበዛም ተሻገረ፤ መስታወት ተሰበረ፣ ሁለት ሰው ቆሰለ፣ ሕግ አስከባሪዎች ደረሱ። ክሩ ጩኸቱን ከፌርማታው ሰማና ጭንቅላቱን ይዞ ደረጃው ሥር ተቀመጠ። እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ እጅጌ ስትሰፋ ዋለች። አላጽናናችውም። በመሃል አንዴ ብቻ «ይሄ እጅ ጎበዝ እጅ ነው፤ ቀድሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር» አለችው።

ሰኞ ኮቱን ያደረሰው ክሩ ነው። እሷ ጉልበቴን አመመኝ አለች፤ ይመማት አይመማት እሷ ታውቃለች።  የዳቦ ቤቱ መስታወት ረግፎ በካርቶን ተሸፍኗል። ከላይ ያለው የላስቲክ ታፔላም ድንጋይ አግኝቶት ተንጠልጥሏል። ውስጥ አንድ ወፍራም ሰው፣ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ትሪ ይጎትታል። ክሩ ራሱን ከሩቅ ያየ መሰለው።

ጋጋሪው ኮቱን ለበሰ፣ ቆለፈ፣ ክንዱን ዘረጋ። ልክ ነበር። ከዚያ ክሩን ትክ ብሎ አየውና፣

«አንተ ነህ ሆዴን የምትሸከምልኝ?» አለው።

ክሩ ሳቀ፤ በሳቁ መሃል ድምፁ ተሰበረ። «አባባ፣ ቅዳሜ ከነሱ ጋር ልመጣ ነበር።»

 ሰውየው ዱቄቱን ከእጁ አራገፈ። «ያኔ ጨርቄን አበላሽታ ሳያት እኔም ልሰድባት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ‹ልል ነበር› ቢያስኮንን ማን ይጸድቃል፣ ልጄ?» አለና ካርቶኑን በአገጩ አመለከተው። «ሰው ተዘግቷል እያለ እየተመለሰብኝ ነው። ታፔላ ጸሐፊ ነው ትል ነበር እህትህ። ቀለም ይዘሃል?»

አልያዘም። ተመልሶ ድልድዩን ተሻገረና መሰላሉንና ቆርቆሮውን ይዞ መጣ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ክፍት ነው» ብሎ ጻፈ። «ት»ን ከምድጃ የወጣች ዳቦ አስመስሎ ሳላት፤ ሕፃናት ቆመው አዩት።

ያ ሁሉ በአንድ ቀን አልተስተካከለም። አዳራሹ እስከ አሁን አለ፤ ከአሥራ አንዱ ወደ እትዬ ልኬ ለሱሪ የተመለሱት ሦስት ናቸው። ክሩም አንዳንድ ቀን የላስቲክ ታፔላ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ግን የመነጽር ቤቱ ታፔላ ከበሩ ኋላ ወደ ፊት ዞሯል፤ «መ» ደንበኞቹን ታያለች። የጻፈበትን አምስት ሜትር ጨርቅ ደግሞ እትዬ ልኬ አጥባ፣ ፊደሉ አልለቅ ሲላት ቀለም ውስጥ ነክራ፣ ለኮት ገበር አደረገችው።

ኮቱ በደረሰበት በዚያ ሳምንት መጨረሻ፣ የጋጋሪው ልጅ ሠርግ ሊደርስ ሲል፣ «ቁም» አለችው።

«ደግሞ ለማን?»

«ለራስህ። ተጠርተሃል አሉ፤ በዚህ ካናቴራ ልትሄድ ነው?»

ደብተሩን ብትገልጥ ለካ ለሱ ገጽ የላትም። ካደገ ወዲህ የሰፋችለት ሁሉ በጋጋሪው ቁጥር ነበር፤ ሆዱን ብቻ እየቀነሰች። አፈረች። ያለ መለካት የማትቆርጠው ሴት፣ የገዛ ወንድሟን ለክታው አታውቅም። አዲስ ገጽ ከፈተችና ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። አንገት፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ክንድ። ቁጥሮቹን በግራ ጻፈች። በቀኝ በኩል ትንሽ አሰበች፣ እርሳሱን በምላሷ ነካ አደረገችና ጻፈች፦

«መርፌ ቢወጋውም ቆሞ መጠበቅ ይችላል።»